በጥዱ ጫፍ የተሰቀለው ፖም

ልጄ ሬልያ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤት ሲገባ የግራ ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ አገጩ ላይ ደርቋል። በቀኝ እጁ የጊታሩን አንገት ይዟል። የጊታሩ ሆድ የለም። አንገቱ ብቻ፣ ከተበጠሱት ክሮች ጋር፣ እንደ ታረደ ዶሮ ይወዛወዛል።

«ራዶሽ ነው?» አልኩት።

«ከበር ጋር ተጋጭቼ ነው፣ እማ።»

«በሩ ስንት ሰው ነበር?»

ሳቀ። ሲስቅ ቅንድቡ እንደገና ተከፈተ።

ራዶሽ የጌታው የሚሎዬ ልጅ ነው። ሚሎዬ የእንጆሪው ማቀዝቀዣ መጋዘን ባለቤት ነው፤ በሸለቋችን የሚለቀም እንጆሪ ሁሉ ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት በእሱ በር ያልፋል። ባሌ ከሞተ ጀምሮ እኔም እዚያው ቆሜ የፈረሰውን ከደህናው እየለየሁ ነው ይህን ልጅ ያሳደግኩት። ኔዳ ደግሞ የሚሎዬ ሴት ልጅ ናት፤ ቤልግሬድ ፊልም ትማራለች። ልጄ ኔዳን ይወዳል፣ እሷም ትወደዋለች። ይህን ያወቅሁ ዕለት ሰው ሁሉ ስለ ፍቅራቸው ሲያወራ እኔ የማስበው ልጄን በምን እንደሚያመጡልኝ ነበር፤ በቃሬዛ ነው ወይስ በብርድ ልብስ?

ጨርቅ ራኪያ ውስጥ ነክሬ ቁስሉን ጠረግሁለት። መጠጡ ሲያቃጥለው ጥርሱን ነከሰ እንጂ አልጮኸም።

«ይቅርብህ» አልኩት። «አገር ሙሉ ሴት አለ።»

«አገር ሙሉ በርም አለ» አለኝ።

ኔዳ ያኔ በጓሮ በኩል ገባች፣ ክንዷ ሥር የካርቶን አቃፊ ሸጉጣ። ፊቱን አየችው። እጇ ወደ ጉንጩ ተዘረጋና እኔን ስታይ አቅጣጫውን ቀይሮ የጨው ዕቃውን አነሳ። ጨው የሚፈልግ ነገር ገበታው ላይ አልነበረም። ዕቃውን ይዛ ቆማ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፤ እሱም ያያታል።  እኔ ዓይኔን መለስኩ።

ከኋላዋ ያንኮ ተከትሏት ገባ። ያንኮ አብሯት የሚማር፣ ካሜራ የሚይዝ፣ እንደ መጥረጊያ እንጨት የቀጠነ ልጅ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይበላል።

የመጡት ለክሊፑ ነው። የኔዳ የመመረቂያ ሥራ የሙዚቃ ክሊፕ ነው፤ ዘፈኑ የሬልያ ነው። እሱና ጓደኞቹ ባዶ በቀረ የዶሮ ቤት ውስጥ የሚጫወቱት፣ ማንም አሳታሚ ያልነካው ሮክ። ከበሮው ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነው፣ ሰው ለራሱ እንደሚያወራ። ዘፈኑ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ፖም ላይ ሲያነጣጥር ስለሚኖር ሙሽራ ነው።

ኔዳ ዳቦና አይቡን ገፋ አድርጋ ስዕሎቿን እንደ ካርታ ጨዋታ ደረደረች።

«መጀመሪያ እግር ብቻ» አለች። «ሙሽራው ዳገቱን ሲወጣ። ፊቱን አናሳይም።»

«ማሳየቱ ይሻላል» አለ ያንኮ አይቡን በዳቦ እየጠቀለለ። «ኩልና ቀለም አያስፈልገንም። ወንድምሽ በነፃ ሠርቶልናል።»

«ያንኮ፣ ብላና ዝም በል።»

«ሁለቱን አንድ ላይ አልችልበትም።»

«ሁለተኛው ፖሙ። ከታች ወደ ላይ፣ ሰማዩ ብቻ ከኋላው።» ጣቷን ወደ ሦስተኛው አሻገረች። «ከዚያ ሙሽራው ጠመንጃውን ያነሳል።»

በእኛ አገር ሴት ልጅ ስትዳር በአባቷ ግቢ ካለው ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ፖም ይሰቀላል። ሙሽራው ፖሙን ተኩሶ እስኪያወርድ ድረስ ልጅቷ ከደጅ አትወጣም። ከወረደ ግን ማንም አያስቀራትም።

ሬልያ ሦስተኛውን ስዕል በጣቱ ሸፈነው። «ይሄ አይሆንም።»

«ጥይት የለውም እኮ። የአባቴን ባዶውን አመጣለሁ።»

«ኔዳ፣ ከእናንተ ቤት የሚመጣ ጠመንጃ አልነካም።»

ያንኮ እንኳን ማኘኩን አቆመ። የኔዳ ጆሮ ቀላ።

«ከእኛ ቤት የሚመጣ» አለች ቀስ ብላ። «ያስጠላህ ጠመንጃው ነው ወይስ ቤታችን? ለማስመሰል እንኳን በደጃችን ሙሽራ መባል አሳፈረህ?»

ሬልያ መልስ ነበረው። ግን ወደ እኔ ዞሮ አየኝና አፉን ገጠመ። የጊታሩን አንገት አንስቶ ወጣ። እሷ ያንን ዝምታ እፍረት አድርጋ ወሰደችው፤ ዓይኖቿ ሲሞሉ አየሁ።

ያንኮ «ሲጋራ ላጭስ» ብሎ ተከተለው። ሲጋራ አያጨስም።

ኔዳ የቆሸሹትን ሳህኖች ልታጥብ ተነሳች። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «አክስቴ ስላቭካ፣ ካፈረብኝ በአፉ ይንገረኝ» አለች። «ከወንድሜ ጋር በየቀኑ እደባደባለሁ። ከዝምታ ጋር መደባደብ ግን አላውቅበትም።»

«የሬልያ አባት እንዴት እንደሞተ ነግረውሻል?»

«ልቡ ነው ብለውኛል።»

«አልዋሹሽም» አልኳት። «ጥይቷ ያገኘችው ልቡን ነው።»

ዞረች። ያኔ ነገርኳት። የአባቷ እህት ሰርግ ነበር፣ በዚያው በአባቷ ግቢ፣ ክሊፑ በታሰበበት ጥድ ሥር። ሙሽራው ፖሙን መትቶ ሲያወርድ ጥሩምባ ነፊዎቹ ጀመሩ፤ የጠጣው ወንድ ሁሉ ለደስታው ወደ ሰማይ ተኮሰ። አንዷ ጥይት ወደ ሰማይ አልሄደችም። ባሌ ሬልያን በእጁ ይዞት ነበር፤ ሲወድቅም አልለቀቀውም፤ ጣቶቹን ፈልቅቄ ነው ልጁን ያወጣሁት። ፖሊስ መጥቶ ጠየቀ፤ ማንም ምንም አላየም። ከቀብሩ በኋላ ሚሎዬ ራሱ ባርኔጣውን አውልቆ ደጄ ላይ ቆመና መጋዘኑ ውስጥ ሥራ እንዳለ ነገረኝ። እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ እግሬን እያየ ነው ሰላም የሚለኝ።

ኔዳ ሳህኑን አስቀመጠች። ጠመንጃ ያለበትን ስዕል አንስታ ቀደደችው፣ እንደገና ቀደደችው፣ ምድጃው ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ የመጨረሻውን ስዕል አነሳች፤ ፖሙ ሲፈነዳ የሚያሳየውን። ገለበጠችና ነጩን ጀርባ ወደ ላይ አድርጋ በቦታው መለሰችው።

«የመጨረሻው ይሄ ነው» አለች።

«ባዶ ነው እኮ።»

«አዎ። ምን እንደሆነ ገና አላውቅም። ግን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ እዚያው ጥድ ሥር ነው የምንቀርጸው። ሌላ ዛፍ አልፈልግም።»

ወጣች። ሬልያ የማገዶ ክምሩ ላይ ተቀምጧል። አላናገረችውም፤ ከኋላው ቆማ ግንባሯን ጀርባው ላይ አሳረፈች። እሱ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ልኮ ጣቶቿን ያዘ። ሌላ ሰው በመስኮቱ ቢያይ ፍቅር ያይ ነበር። እኔ የልጄን ጀርባ ስፋት ነው ያየሁት። ለጥይት ምን ያህል ሰፊ ነው ብዬ አሰብኩ።

*

ለቀረጻው የመረጡት የጴጥሮስ በዓል ማግስት ነው። የሚሎዬ መኪኖች ጭነት ይዘው ወደ ከተማ ይወርዳሉ፣ እሱም አብሮ ይሄዳል። ራዶሽ ላይኛው እርሻ ላይ ለቃሚዎቹን ይቆጣጠራል። ግቢው ባዶ ይሆናል። ለኔዳ የራሴን የሰርግ ቀሚስ ከሳጥን አውጥቼ ሰጠኋት። ስሰጣት ልብሱ ባለቤቱን መበለት ማድረግ የለመደ መሰለኝ።

ያን ቀን ጠዋት ያንኮ እንደ ድመት ጥዱ ላይ ወጥቶ ለጴጥሮስ ከሚደርሰው ቀይ ፖም አንዱን ጫፉ ላይ ሰቀለ። ወርዶ ካሜራውን ሰገነቱ ላይ ተከለ። ከዚያ ሁሉም ኔዳን ሊያለብሱ ቤት ገቡ።

ስህተቱ ይህ ብቻ ነው። ካሜራው ከዘንባባው ማሰሮ ጀርባ ተደብቋል፤ ፖሙ ግን ሰማይ ላይ ለአገር ሁሉ ይታያል። ኔዳ ቤልግሬድ ብዙ ኖራለች፤ ሰው ሁሉ ክሊፕ መሆኑን የሚያውቅ መሰላት። ሬልያ ደግሞ ለጎረቤቶቿ የነገረች መሰለው። በእኛ ሸለቆ ግን ሴት ልጅ ባለችበት ግቢ ጥድ ላይ የተሰቀለ ፖም አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፤ ልጅቷ ተድራለች።

የቀሚሱ ቁልፎች ተቆልፈው ሳያልቁ ጎረቤቶች ስኳርና ጠርሙስ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሽማግሌው አያ ግሊሻ ደግሞ፣ ወጉ ነውና፣ ደጁ ላይ ወጥቶ በአደን ጠመንጃው ሁለቴ ወደ ሰማይ ተኮሰ።

ያን ድምፅ እኔ መጋዘኑ ውስጥ ሰማሁት። ከየት ግቢ እንደመጣ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። እጄ እስከ ክርኔ በእንጆሪ ቀልቷል፤ ሳልታጠብ ሮጥኩ። ራዶሽም ላይኛው እርሻ ሆኖ ሰምቶታል።

ስደርስ ልጄ መሬት ላይ ነው። ራዶሽና ሁለት ጓደኞቹ መሀል አድርገውታል። በጫማ ይመቱታል፤ ድምፁ እርጥብ ጆንያ እንደሚደበደብ ነው። ሬልያ ራሱን በክንዶቹ ሸፍኗል፣ አይመልስም።

«ተነስ እንጂ ሙሽራው» ይላል ራዶሽ። «ዝፈንልን። የእንጆሪ ለቃሚዋ ልጅ እህቴን ሲያገባ ምን ተብሎ ነው የሚዘፈነው?»

«ራዶሽ፣ ክሊፕ ነው፣ ትሰማኛለህ፣ ክሊፕ ነው» እያለች ኔዳ እጁን ትጎትታለች።

«ፖሙም ክሊፕ ነው? አገሩ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ እያለኝ ነው የመጣሁት።»

በጥፊ አላት። ቀሚሱ ከትከሻዋ ተተረተረ። ያኔ ሬልያ ተነሳ። እንዴት እንደተነሳ አላውቅም። በግንባሩ የራዶሽን አፍንጫ ሲመታው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ኔዳ ያንኮ ግቢው ውስጥ የተወውን ትርፍ የካሜራ ማቆሚያ አንስታ የአንዱን ጓደኛ ጉልበት ቀጠቀጠችው፤ ወደቀ። ሌላኛው ግን ሬልያን ከኋላ አንቆ ጣለው፤ ራዶሽ ደም እየተፋ መጣ፣ ልጄ ጊታር የሚይዝበትን ግራ እጁን ድንጋይ ላይ ዘረጋና በተረከዙ ረገጠው። አንዴ አይደለም።

ልጄ የጮኸው ያኔ ነው። ከወለድኩት ጀምሮ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ራዶሽ ላይ ተወረወርኩ። እጆቼን ያዩ ጎረቤቶች «ስላቭካ ተወጋች» ብለው ተንጫጩ። የትኛው ደም የማን እንደሆነ መለየት ቀርቶ ነበር። ያንኮ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ በሩን ከውስጥ ቆልፏል።

የሚሎዬ መኪና በሩን አልፎ የገባው በዚህ መሀል ነው። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ስላለው ከግማሽ መንገድ ተመልሷል። ወርዶ ማንንም አላየም፤ ጥዱን ብቻ አየ። ወደ ቤት ገባና በጠመንጃው ተመለሰ። 

«ተውት» አለ። ለቀቁት።

ጠመንጃውን ለሬልያ ዘረጋለት። «ጎርሷል። ፖም በቤቴ ላይ ከተሰቀለ ወይ ይመታል ወይ ውርደት ነው። አምስት መንደር አይቶታል። ምታው። ከመታህ ውሰዳት። ከሳትክ ዛሬውኑ ከዚህ ሸለቆ ትወጣለህ።»

«አባ፣ እጁ ተሰብሯል» አለች ኔዳ። «አንድ ዓይኑ አብጦ አያይም።»

«የሰቀልሽው አንቺ ነሽ» አላት።

ሬልያ ጠመንጃውን በቀኝ እጁ ተቀበለ። ይህን ቀን በሕልሜ ስንቴ እንዳየሁት። በሕልሜ ሁልጊዜ ይተኩሳል፣ ጥይቷም ሁልጊዜ የምትመለሰው ወደ ራሱ ነው። 

«ጋሽ ሚሎዬ» አለ ሬልያ። ከንፈሩ ስላበጠ ቃሉ ይጎተታል። «አባቴ የወደቀው የት ጋ ነው? ትንሽ ስለነበርኩ አላስታውስም። እርስዎ ያስታውሳሉ።»

 የሚሎዬ ዓይን ከዳው፤ ከጥዱ ሥር ወዳለችው አንዲት ቦታ ሄደ። ሁላችንም አየነው።

ሬልያ ወደዚያች ቦታ ሄደና ጠመንጃውን በቀስታ፣ የተኛ ልጅ እንደሚያስተኛ፣ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ኔዳን አየ። ረጅም አልነበረም፤ ግን እኔ እናቱ፣ ያን ዓይነት አስተያየት ለማንም ሲሰጥ ማየቴ ልቤን ሰነጠቀው። ቀኝ እጁን ወደ ቅርንጫፉ ሰደደና መውጣት ጀመረ።

በአንድ እጅ። የተሰበረውን ደረቱ ላይ አጥፎ፣ በክርኑ እየተደገፈ፣ ደሙ ቅርፊቱ ላይ መስመር እየተወ።

«ይሄ ልማድ አይደለም» አለ ራዶሽ። «ይሄ የሌባ ነው።» ጎንበስ ብሎ ጠመንጃውን አነሳና ወደ ላይ ተኮሰ።

ከሬልያ ራስ በላይ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ወደቀ። የጥድ ቅጠል እንደ ዝናብ ወረደብን። ወደ ፖሙ ይሁን ወደ ልጄ ያነጣጠረው፣ እግዚአብሔር ይወቀው። ራዶሽ እንደገና ሊያጎርስ ሲል ሚሎዬ ደረሰበት፤ ጠመንጃውን ነጥቆ በሰደፉ ደረቱን መታው፤ ራዶሽ በጀርባው ወደቀና ትንፋሹን ፈለገ። ሚሎዬ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣ። ኪሱ ጨመራቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ሰርግ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ።

«ስላቭካ» አለ፣ «ያን ቀን ስድስት ነበርን የተኮስነው። እኔ አንዱ ነኝ። ዝቅ አድርጌ ይዤ እንደሆነ አላውቅም። በየቀኑ አስባለሁ። አላውቅም።»

ለዚህች ቃል ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ኖሬያለሁ፤ አብዛኛው እርግማን ነው። 

«ልጄን አውርድልኝ» አልኩት።

ሬልያ ጫፉ ላይ ደርሶ ፖሙን በጥርሱ ይዟል። ሲወርድ ግን ጉልበቱ ከዳው፤ ከመጨረሻው ቅርንጫፍ ሥር እግሩ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሚሎዬ ሄዶ ከግንዱ ሥር ቆመና ትከሻውን ሰጠው። ሬልያ ረገጠው። በነጩ ሸሚዝ ላይ የጫማው ጭቃና ደም ታተመ።

ፖሙን ኔዳ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። የጥርሱ ምልክት ታትሞበታል። እሷ አልነከሰችውም፣ አላለቀሰችም፤ በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ፣ የተቀደደው ቀሚስ ላይ አስጠጋችው።

«በጥይት አይደለም የወረደው» አለ ጉልበቱን ይዞ የተቀመጠው የራዶሽ ጓደኛ።

አያ ግሊሻ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «አንተ ልጅ» አለው፣ «ወርዷል ወይስ አልወረደም?»

ሁሉም ወደ ሚሎዬ ዞሩ። ሚሎዬ ኔዳን አየ፣ ባዶውን የጥድ ጫፍ አየ።

«ወርዷል» አለና ወደ ቤቱ ገባ። በሩን አልዘጋውም። ኔዳ በእኔ ቀሚስ፣ ጫፉ አቧራ እየጠረገ፣ በልጄ ደህና እጅ ተይዛ ከአባቷ ደጅ ወጣች። ማንም ጥሩምባ አልነፋም፤ ማንም አልተኮሰም። እኔ ከኋላቸው ስሄድ በየእርምጃው ወደ ኋላዬ አይ ነበር። ደስታ ከኋላ ካልተመታ አይጠናቀቅም ብዬ የለመድኩ ነኝ።

*

እጁ ጄሶ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች ላይታጠፉ ይችላሉ ብሏል፤ እኔ አራቱም አይታጠፉም ብዬ እፈራለሁ፤ እሱ በሌላኛው እጅ መጫወት እማራለሁ ይላል።

ትናንት ኔዳ ክሊፑን አሳየችኝ። ያንኮ በሩን ቆልፎ የተደበቀው ለራሱ ብቻ አልነበረም፤ ካሜራው ሲቀርጽ ነበር። ዘፈኑ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ጩኸቱም ተኩሱም የለም። እግር፣ ዳገት፣ ፖም፣ ሰማይ። ሬልያ በአንድ እጁ ሲወጣ ከበሮው ቆሞ ድምፁ ብቻ ይቀራል።

«ባዶ የተውኩት የመጨረሻው ስዕል ትዝ ይልሻል፣ አክስቴ ስላቭካ?» አለችኝ። «አገኘሁት።»

የመጨረሻው ምስል እሱ አይደለም፣ እሷም አይደለችም፣ ፖሙም አይደለም። ከላይ የተቀረጸ ነው። ከጥዱ ሥር አንዲት ሴት አንጋጣ ቆማለች፤ ሁለት ክንዶቿን ዘርግታ፣ እስከ ክርኗ የቀሉ፣ መዳፎቿ ተከፍተው፣ የሚወድቀውን ልትቀበል።

ያን ያህል ሰው መሀል፣ ያን ያህል ጊዜ፣ እጆቼን ዘርግቼ መቆሜን አላወቅሁም ነበር።